የድሮ የመርከብ ባንዲራዎች፦ ስለ ጨርቁና ስለ ስፌቱ የምናወራበት ክር

ድርና ማግ ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ድሮ የመርከብ ባንዲራ የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ያናድደኛል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቀለሙ ትርጉም ነው። መስቀሉ የማን ነው፣ አንበሳው ምን ያመለክታል፣ ኮከቡ ስንት ነው። ጨርቁን ማን ሸመነው? ማን ሰፋው? በምን ክር? ይህን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል።

እስቲ የልብስ ሰፊን ዓይን ይዘን እንየው። የመርከብ ባንዲራ ከባድ ሥራ ያለበት ጨርቅ ነው። በትንሽ ነፋስ መነሳት አለበት፣ ስለዚህ መቅለል አለበት። በማዕበል መቀደድ የለበትም፣ ስለዚህ መጠንከር አለበት። ዝናብ ሲመታው ውሃ ጠጥቶ መንጠልጠል የለበትም። ከሁለቱም ጎን እኩል መታየት አለበት። እነዚህን አራቱን አንድ ላይ ማስማማት ቀልድ አይደለም።

መጠኑን ደግሞ አስቡት። በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት እንግሊዞች ሳን ኢልደፎንሶ የተባለውን የስፔን መርከብ ማረኩ። ባንዲራው ዛሬ ግሪንዊች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም አለ። ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 14.5 ሜትር ነው። ይህ የአንድ ደህና መኖሪያ ቤት ሙሉ ወለል ማለት ነው። ያውም የልብስ ስፌት መኪና ገና ባልተስፋፋበት ዘመን፣ በእጅ፣ በመርፌ የተሰፋ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

የምታውቁትን ጣሉ። ትርጉሙን ለሌላ ክር ተዉልኝ።

ወፍራም መርፌ ጻፈች፦

በመጨረሻ የኔ ዓይነት ክር ተከፈተ! ከጨርቁ ልጀምር።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ለመርከብ ባንዲራ በብዛት የዋለው በንቲንግ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ ነው። ሱፍ ስል የሹራብ ዓይነት ለስላሳ ሱፍ እንዳይመስላችሁ። ረጅሙ ጸጉር ተመርጦ፣ ተበጥሮ፣ ጠንከር ተደርጎ የተፈተለ ክር ነው። ሽመናው ደግሞ ቀላሉ ነው፣ ድሩ አንድ ከላይ አንድ ከታች። ግን ሳሳ ተደርጎ ይሸመናል። ወደ ብርሃን ብታነሱት በድሩና በማጉ መካከል ማዶው ይታያል። ነፋሱ በከፊል በውስጡ ያልፋል፣ ስለዚህ ባንዲራው እንደ ሸራ አይጎተትም። ቶሎ ይደርቃል። ሱፍ ቀለምም በደንብ ይይዛል። ጥጥ ይህን ሁሉ አይሰጥም። ውሃ ሲነካው ይከብዳል።

ችግሩ ጨርቁ ጠባብ ሆኖ ነው የሚሸመነው። ስለዚህ ትልቅ ባንዲራ ማለት ብዙ ቁራጭ፣ ብዙ መገጣጠሚያ ማለት ነው። መገጣጠሚያው ነው የሰፊውን እጅ የሚያሳየው። አንዱ ጠርዝ ሌላውን ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይሰፋል። ጥሬ ጠርዝ ከየትኛውም ጎን አይወጣም። ፊትና ጀርባ የለውም። ጠርዙ ክፍት ከቀረ ነፋሱ ክሩን አንድ በአንድ መዝዞ ይጨርሰዋል።

በምሰሶው በኩል ያለው ጎን ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ጠንካራ ሸራ ይታጠፍና እንደ እጅጌ ይሰፋል፣ ገመድ ይገባበታል። ገመዱ ከላይ ብዙ ጊዜ በትንሽ የእንጨት መቀርቀሪያ ያልቃል፣ ከታች ደግሞ ጫፉ ይተርፋል። የነፋሱ ኃይል በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። እኔ ፎቶ ሲላክልኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ጎን ነው። ኮከቡን ቆይቼ አየዋለሁ።

መልሕቅ ጻፈ፦

ወፍራም መርፌ ጠባብ ጨርቅ ስትል አንድ የምወደውን ነገር አስታወሰችኝ።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባንዲራውን የሚለካው በሜትርም በጫማም አልነበረም። በጨርቅ ወርድ ነበር። "የስምንት ወርድ ባንዲራ" ይባላል፣ "የአሥር ወርድ" ይባላል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ስንት ወርድ ጨርቅ ወደ ታች ከተገጣጠመ፣ ለእያንዳንዱ ወርድ ርዝመቱ ግማሽ ያርድ፣ ማለትም 18 ኢንች ይሆናል።

አሁን ጉዱን ስሙ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንዱ ወርድ 11 ኢንች ነበር። ስለዚህ የባንዲራው ቅርጽ 11 በ18 ሆነ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ወርዱ ወደ 10 ኢንች ወረደ፣ ቅርጹም 5 በ9 ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ 9 ኢንች ደረሰ። 9 በ18፣ በቃ፣ አንድ በሁለት። ዛሬ የእንግሊዝ ባንዲራ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ማንም ተቀምጦ "ይህ መጠን ያምራል" ብሎ አልወሰነም። ጨርቁ ጠበበ፣ ባንዲራው ቀጠነ።

ያረጀ ባንዲራ ስታዩ የወርዱ ቁጥር በሸራው ላይ በቀለም ታትሞ ታገኙ ይሆናል። አንዳንዴ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳይ የቀስት ምልክትም አብሮ አለ።

ድርና ማግ ጻፈ፦

ይህ ነው የምፈልገው! ሰው የባንዲራ ቅርጽ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። የሸማኔው ዕቃ ነው የወሰነው።

እስቲ የሰፊዎቹን ነገር አንሱ። እነማን ነበሩ?

ወፍራም መርፌ ጻፈች፦

በብዛት ሴቶች። ቻተም በሚባለው የእንግሊዝ የመርከብ መሥሪያ ወደብ በ1723 የተሠራ የሸራና የባንዲራ ቤት ነበር፣ ሕንፃው አሁንም ቆሟል። ከጊዜ በኋላ በባንዲራ ክፍሉ የተቀጠሩት ሴቶች ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ነበሩ። ባል በባሕር ወይም በወደቡ ሥራ ሞተ፣ ሚስት በባንዲራው ትተዳደራለች።

በአሜሪካ ደግሞ ሜሪ ፒከርስጊልን ውሰዱ። ባልቲሞር ወደብ ላይ ለመርከቦች ባንዲራ ትሰፋ ነበር። ሙያውን ያገኘችው ከእናቷ ከሪቤካ ያንግ ነው። እሷም ባሏ ሞቶባታል። በ1813 የፎርት ማክሄንሪ ምሽግ አዛዥ ጆርጅ አርሚስቴድ ትልቅ ባንዲራ ፈለገ። 30 ጫማ በ42 ጫማ። ለባንዲራው 405 ዶላር ከ90 ሳንቲም ተከፈላት። ልጇ፣ የወንድምና የእህት ልጆች፣ እንዲሁም በውል የምትሠራ ግሬስ ዊሸር የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ታዳጊ አብረዋት ሰፍተዋል። ቤቷ አልበቃ ስላለ ጨርቁን የዘረጉት በአቅራቢያው ባለ የቢራ ጠመቃ ቤት ወለል ላይ ነው።

የምሽግ ባንዲራ ነው፣ የመርከብ አይደለም የሚል ይኖራል። ግን የሰፋችው የመርከብ ባንዲራ ሰፊ ናት፣ ዘዴውም ያው ነው። ኮከቦቹን ተመልከቱ። ኮከቡ ከጥጥ ተቆርጦ በአንድ ጎን ይሰፋል። ከዚያ በሌላው ጎን ሰማያዊው ጨርቅ ተቆርጦ ይወጣና ያው ኮከብ ብቅ ይላል። አንድ ኮከብ፣ ሁለት ፊት። በሌላውም ጎን ሌላ ኮከብ ቢሰፋ ኖሮ የኮከቡ ክብደት እጥፍ ይሆን ነበር።

ሌላው ደስ የሚለኝ ነገር፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ሆና የባንዲራው ሱፍ የእንግሊዝ በንቲንግ ነው።

ምን ጨነቀኝ ጻፈ፦

ይቅርታ ግን እኔ አልገባኝም። ባንዲራ ሲያረጅ ይጣላል፣ አዲስ ይሰቀላል። መርከበኞቹ ራሳቸው ለጨርቁ ደንታ አልነበራቸውም። እናንተ ለምንድን ነው እንደ ጥበብ ሥራ የምታዩት? ዋጋው ያለው በምልክቱ ነው።

መልሕቅ ጻፈ፦

ምን ጨነቀኝ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። የመርከብ ባንዲራ ዕቃ ነበር፣ እንደ ገመድና እንደ ሬንጅ የሚያልቅ ዕቃ። በነፋሱ በኩል ያለው ጫፍ መጀመሪያ ይበጣጠሳል። ያን ጊዜ የተበጣጠሰው ተቆርጦ ጫፉ እንደገና ይቀመቀማል። ባንዲራው ያጥራል፣ ሥራው ይቀጥላል። እንደገና ሲበጣጠስ እንደገና ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ መወልወያ ይሆናል።

ለዚህ ነው ተራው የዕለት ባንዲራ ከሞላ ጎደል የጠፋው። የተረፈው ወይ የተማረከ ነው፣ ወይ ለማስታወሻ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሙዚየም ገብተን የምናየው ስብስብ የዘመኑን ባንዲራ በትክክል አይወክልም። አሸናፊው የሰበሰበው ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። በየካቲት 1800 ማልታ አካባቢ ለዠነሮ የሚባል የፈረንሳይ መርከብ በእንግሊዙ የባሕር አዛዥ በኔልሰን ቡድን ተያዘ። ባንዲራው እንግሊዝ ውስጥ ላለችው ለኖርዊች ከተማ ተሰጠ። 16 ሜትር በ8 ሜትር ከምናምን ነው። ለረጅም ዘመን ተጠቅልሎ ተቀምጦ ቆይቶ በ2017 ለሕዝብ ሲታይ ባለሙያዎቹ በጨርቁ ውስጥ የባሩድ ቅሪትና የእንጨት ስንጣሪ አገኙ። ምልክቱን ከመጽሐፍ ማግኘት ትችላለህ። ባሩዱን ግን ከጨርቁ በቀር ከየትም አታገኘውም።

"ደንታ አልነበራቸውም" ላልከው ደግሞ፦ በጥር 1806 የኔልሰን ቀብር ላይ የመርከቡ የቪክቶሪ ባንዲራ በክብር ታጥፎ ከሬሳ ሣጥኑ ጋር እንዲቀበር ነበር የታሰበው። የቪክቶሪ መርከበኞች ለማስታወሻ ቀደው ተከፋፈሉት። ብጫቂዎቹ ዛሬም በጨረታ ይሸጣሉ።

ምን ጨነቀኝ ጻፈ፦

መቅደድ ደንታ ነው እንዴ? 😂

መልሕቅ ጻፈ፦

ለመርከበኛ አዎ። ሌላው ደግሞ በትራፋልጋር የነበረው የስፓርሺየት መርከብ ባንዲራ አለ። መርከበኞቹ ራሳቸው ከ31 ቁራጭ በንቲንግ ሰፍተው ለአለቃቸው ለጄምስ ክሌፋን ሰጡት። ሸራ መስፋት የዕለት ሥራቸው ነበር፣ መርፌ ያውቃሉ። በ2009 ለንደን ውስጥ በጨረታ 384,000 ፓውንድ ተሸጠ። ምልክቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ባንዲራ ከሱቅ በርካሽ ያገኙት ነበር።

ሐረግ ጻፈች፦

ክሩ በሱፍ ብቻ ተያዘ። ስለ ሐርም እናውራ እንጂ።

ኢስታንቡል በባሕር ሙዚየሙ ውስጥ በ1546 የሞተው የኦቶማኑ የባሕር አዛዥ የሃይረዲን ባርባሮሳ ባንዲራ አለ። አረንጓዴ ሐር ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ዙልፊቃር ሰይፍ፣ እጅ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ የቁርአን ጥቅስና የአራቱ ኸሊፋዎች ስም አለበት። በሌላው ወገን ደግሞ በ1571 በሌፓንቶ ጦርነት የክርስቲያኖቹ ኅብረት ይዞት የወጣው ባንዲራ አለ፣ ስፔን ቶሌዶ ውስጥ። እሱም ሰማያዊ የሐር ዳማስክ፣ ማለትም ንድፉ በሽመናው የወጣ ሐር ነው። ሁለቱም ወገን ሐር። ሁለቱም ወገን ጸሎቱን በጨርቅ ላይ።

እነዚህ ለዕለት ሥራ አልነበሩም። የአዛዡ መርከብ ይህች ናት ለማለት ነበር። ሐር የመረጡት ስለሚያብረቀርቅና ስለሚቀል ነው። ግን ሐር ላይ ጽሑፍ ማድረግ ራስ ምታት ነው። ጽሑፍ በአንድ ጎን ብቻ ነው በቀጥታ የሚነበበው። በሌላው ጎን ይገለበጣል። ከሁለቱም ጎን እንዲነበብ ካስፈለገ ሁለት ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ ማጋጠም ነው፣ ያ ደግሞ ይከብዳል። ሥዕል በቀለም ከተቀባበት ደግሞ ቀለሙ ይደርቅና ሐሩ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል።

በነገራችን ላይ ከሌፓንቶ የተማረከ አንድ የኦቶማን ባንዲራ በቫቲካን እጅ ነበር። በ1965 ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ለቱርክ መለሱት። ወደ አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ምርኮ።

ብል ጠላቴ ጻፈ፦

እኔ የአሮጌ ጨርቅ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ከጥገናው ወገን ጥቂት ልበል።

ሱፍን ብል ይበላዋል። ሐርን ብርሃን ይበላዋል። ይህ ዋናው ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐር ደግሞ የባሰ ጉድ አለበት። በዚያ ዘመን ሐር እንዲከብድና እንዲያምር በብረታ ብረት ጨው ይነከር ነበር፣ በተለይ በቆርቆሮ ጨው። ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ከሱ በመቶዎች ዓመት የሚበልጠው የባርባሮሳ ዘመን ሐር አንዳንዴ የተሻለ ይዞ ይገኛል።

ቀለሙም በራሱ ጨርቁን ያጠፋል። ጥቁር በብዛት የሚሠራው ከብረት ጨውና ከዛፍ ታኒን ነበር። ብረቱ ቀስ እያለ ክሩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ በአንድ ባንዲራ ላይ ቀይና ሰማያዊው ጤነኛ ሆኖ ጥቁሩ ብቻ ረግፎ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ታዩታላችሁ። አረንጓዴው ደግሞ ይዋሻል። አረንጓዴ የሚገኘው ቢጫን ከኢንዲጎ ሰማያዊ ጋር በመደራረብ ነበር። ቢጫው በፀሐይ ቶሎ ይጠፋል፣ ኢንዲጎው ይቀራል። "ሰማያዊ ባንዲራ" የምትሉት አንዳንዱ ሲወለድ አረንጓዴ ነበር።

ማጠብ? በጭራሽ እንዳትሞክሩት። ቀዩ ወደ ነጩ ከገባ መመለሻ የለውም።

ስለ ፒከርስጊል ባንዲራ ወፍራም መርፌ የጀመረችውን ልጨርሰው። በ1914 አሚሊያ ፋውለር የምትባል ባለሙያ ከሴት ሰፊዎቿ ጋር ባንዲራውን በተልባ እግር ጨርቅ ላይ ሰፋችው። ከዚያ በፊት በ1912 በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ የተማረኩ የመርከብ ባንዲራዎችን በዚሁ ዘዴ ጠግና ነበር። የባንዲራውን ሙሉ ገጽ እንደ መረብ የሚሸፍን 1.7 ሚሊዮን ገደማ ስፌት ገባበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባንዲራው የሚገኝበት የአሜሪካው ሙዚየም የስሚዝሶኒያን ባለሙያዎች ያንን ሁሉ ስፌት አንድ በአንድ ቆርጠው የተልባ እግሩን አነሱት። ከሥሩ ከ1914 ጀምሮ ማንም ያላየው ጎን ወጣ፣ ቀለሙ ከፊተኛው ጎን የደመቀ። ጽዳቱ ደግሞ በደረቅ የመዋቢያ ስፖንጅና በአሴቶን በተቀላቀለ ውሃ ነበር። አሁን በዋሽንግተን በደብዛዛ ብርሃን፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ ተኝቷል። አይሰቀልም። የራሱን ክብደት መሸከም አይችልም።

ወፍራም መርፌ ጻፈች፦

ብል ጠላቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የፋውለር ስፌት ራሱ የባንዲራው ታሪክ አካል ሆኖ የለም እንዴ? ያ ሁሉ የሴቶች እጅ ተፈትቶ ተጣለ። የፒከርስጊልን እጅ አክብረን የፋውለርን ለምን እንሰርዛለን?

ብል ጠላቴ ጻፈ፦

ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ በሙያው ውስጥም ሰው ይከራከርበታል። የኔ አቋም ግን ይኸው ነው። የተልባ እግር ጨርቁ እርጥበት ሲለዋወጥ ከሱፉ ጋር እኩል አይዘረጋም፣ እኩል አይሰበሰብም። ስፌቱ በየነጥቡ ሱፉን ይጎትተዋል። ፋውለር በዘመኗ ከነበረው ሁሉ የተሻለውን ሠርታለች፣ ባንዲራውንም ሰማንያ ዓመት አቆይታዋለች። ግን ስፌቱ መጉዳት ሲጀምር መነሳት አለበት።

የማይነካው ሌላ ነገር ነው። ባንዲራው በሥራ ላይ እያለ የተደረገ ጥገና፣ መርከበኛ የለጠፈው እራፊ፣ የተቆረጠና የተቀመቀመ ጫፍ፣ የጥይት ቀዳዳ። እነዚህን የሚደፍን ሰው ካጋጠመኝ እጣላለሁ።

ወፍራም መርፌ ጻፈች፦

በሁለተኛው ተስማማን። በመጀመሪያው አሁንም ቅር ብሎኛል። ቢያንስ የተወሰነውን ክፍል ከነመረቡ ማስቀረት ይቻል ነበር።

ጥያቄ አለኝ ጻፈ፦

ክሩን ሙሉ አነበብኩት፣ እናመሰግናለን። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው "የ1820ዎቹ የመርከብ ባንዲራ፣ ኦሪጅናል ሱፍ" ብሎ ለሽያጭ አውጥቷል። ፎቶው ላይ ያረጀ ይመስላል፣ ቀዳዳም አለው። እንዴት ልለየው?

ወፍራም መርፌ ጻፈች፦

መጀመሪያ ስፌቱን በቅርብ አስነሳው። የስፌት መኪና በሥራ ላይ በሰፊው የገባው ከ1850ዎቹ በኋላ ነው። ረጅሙ መገጣጠሚያ ፍጹም እኩል በሆነ የመኪና ስፌት ከተሰፋ 1820ዎቹ የሚባለው ነገር አለቀ። ስፌቱ ዚግዛግ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ወደዚህኛው ዘመን ይመጣል። በእጅ መሰፋቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ዛሬም በእጅ የሚሰፋ አለ።

መልሕቅ ጻፈ፦

የምሰሶውን ጎን ፎቶ ጠይቀው። ባንዲራን ከገመድ ጋር የሚያያይዙት ባለ ማያያዣ የብረት መቆለፊያዎች የመጡት በ1890 ገደማ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኢንግልፊልድ ነው የፈጠራቸው። እነሱ ካሉበትና በኋላ የተጨመሩ ካልሆኑ 1820ዎቹ አይደለም።

ብል ጠላቴ ጻፈ፦

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ይታይ። ነጩ ወይም የስፌቱ ክር ደምቆ ሰማያዊ ካበራ ብዙ ጊዜ ጨርቁን ለማንጣት የሚጨመር ኬሚካል ነው፣ እሱ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። ክሩ ብቻ ካበራ በኋላ የተጠገነ ሊሆን ይችላል፣ አትቸኩል።

ሁለተኛ፣ ያረጀበትን ቦታ ተመልከት። የተውለበለበ ባንዲራ የሚያልቀው በነፋሱ ጫፍ ነው፣ በተለይ በሁለቱ ማዕዘኖች። የተሸበሸበና የረገበ መሆን አለበት። መሃሉ ብቻ ተቀዶ ጫፉ ሹል ብሎ ንጹሕ ከሆነ፣ ወይም በሻይ የተነከረ የመሰለ ቡናማ ነገር እኩል ከተዳረሰበት፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ አስረጅቶታል። የብል ቀዳዳ ደግሞ ጠርዙ የተበላ ነው የሚመስለው፣ የመቀስ አይመስልም።

ጥያቄ አለኝ ጻፈ፦

ለሻጩ ጻፍኩለት። የምሰሶውን ጎንና የስፌቱን የቅርብ ፎቶ ጠየቅኩት። "ባንዲራው ፍሬም ውስጥ ስለሆነ ማውጣት አይቻልም" አለኝ።

ወፍራም መርፌ ጻፈች፦

😏

ድርና ማግ ጻፈ፦

በመስታወቱ በኩልም ቢሆን ስፌት በፎቶ ይታያል። በስልክ ቀርቦ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ያንሳልህ፣ መብራቱን ከጎን ያድርግ። እምቢ ካለ ገንዘብህን ያዝ። ከላከ ግን እዚሁ ክር ላይ ጣለው፣ ወፍራም መርፌ ታየዋለች።